ከባሕር በታች ያለ ሀብት እንዴት ይቆጠራል?

ገበሬ ሀብቱን በዐይኑ ያያል። ሲመሽ ከብቱን ቆጥሮ በረት ያስገባል፤ አንዲት ጥጃ ብትጎድል ወዲያው ያውቃል። እህሉ ሲያሽት ማሳው ዳር ይቆምና «ዘንድሮ ይኼ ጤፍ ይህን ያህል ኩንታል ይሰጣል» ብሎ ይገምታል። ብዙም አይሳሳትም።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው አስቡ። የዚህ ሰው ማሳ ከውኃ በታች ነው። ከብቶቹ ከድንጋይ ጋር የተጣበቁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ደኑም በባሕር ውስጥ የሚበቅል አረም ነው። ከላይ ሆኖ ቢመለከት የሚታየው ውኃ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ስንት እንዳለው በምን ያውቃል? ዘንድሮ ስንት ቢወስድ ለከርሞ ይተርፈዋል?

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። ይህን ሳይጠይቁ በመቆየታቸው ብዙ ሺህ ዓሣ አጥማጆች ኑሯቸው የተናጋበት አገር አለ። አገሩ ቺሌ ይባላል። ቺሌ በደቡብ አሜሪካ፣ በታላቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ ቀጭንና ረጅም አገር ናት። ርዝመቷ ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ ያለውን መንገድ አምስት ጊዜ እንደ መጓዝ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎኮ ምንድን ነው?

በባሕር ወለል ላይ ብዙ ፍጥረት ይኖራል። ዓሣ ብቻ አይደለም። የጀርባ አጥንት የሌላቸው እንስሳት ሞልተዋል። ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ እሾሃም የሆነው የባሕር ጃርት፣ በሁለት ክዳን የሚዘጋው ዛጎል ለበስ፣ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ብዙዎቹ ከዓለቱ ርቀው አይሄዱም። እዚያው ይወለዳሉ፤ እዚያው ይበላሉ፤ እዚያው ይበላሉም።

ከነዚህ ሁሉ በቺሌ እጅግ የተወደደው ሎኮ የሚባል ትልቅ ቀንድ አውጣ ነው። ጠንካራ ዛጎል ለብሶ፣ በአንድ ሰፊ እግሩ ዓለቱን ቆንጥጦ ይይዛል። የሚበላው ያ እግሩ ነው። ሥጋው ጠጣር ስለሆነ ከመቀቀሉ በፊት ተደብድቦ ይለሰልሳል። ፊታችሁን አታጨፍግጉ እንጂ! ብሉ ያላችሁ የለም። ለነሱ ግን የበዓል ምግብ ነው፤ ለውጭ ገበያም ይሸጣል።

ሎኮ ሲያድግ ቀስ ይላል። ሕጉ «ለመያዝ ደርሷል» የሚለው የዛጎሉ ርዝመት 10 ሳንቲሜትር ሲሞላ ነው። እዚያ ለመድረስ አራት አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ዛሬ የተወሰደውን ለመተካት አንድ ጥጃ በሬ እስኪሆን የሚፈጀውን ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሁሉም በወሰደ ጊዜ

ቀድሞ ሎኮ የአካባቢው ሰው ምግብ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን የእስያ ነጋዴዎች ይፈልጉት ጀመር። ዋጋው ናረ። ባሕሩ ደግሞ የማንም አልነበረም፤ ጀልባና ጠላቂ ያለው ሁሉ ይገባበታል። ጠላቂ ማለት ከባሕር በታች ወርዶ የሚሠራ ሰው ነው። ጠላቂዎች በአንዱ ዳርቻ ያለውን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሰደዱ ጀመር። ነገሩን የቺሌ ሰዎች «የሎኮ ትኩሳት» ብለውታል። በ1980 ብቻ ወደ 25 ሺህ ቶን፣ ማለትም 250 ሺህ ኩንታል ያህል ሎኮ ከባሕር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ማሽቆልቆል ያዘ። እያንዳንዱ ጠላቂ «እኔ ብተወው ያኛው ይወስደዋል» ይላል። ሐሳቡ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም ያኛው ይወስደዋል። መንግሥት የሚወሰደውን መጠን ቢወስንም አልበጀም። በመጨረሻ ከ1989 እስከ 1992 ድረስ ሎኮ ማውጣት በመላው አገር ተከለከለ። ያም ቢሆን በሌሊት የሚያወጣ አልጠፋም። ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው ክልከላን እንዴት እንደሚያይ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የተከለለው ባሕር

በወሎና በትግራይ ከብት እንዳይገባባቸው የተከለሉ ተራሮች አሉ። በአጥሩ ውስጥ ሣሩና ቁጥቋጦው ሲመለስ፣ ከአጥሩ ውጪ መሬቱ ገጦ ይታያል። ልዩነቱን ለማየት መማር አያሻም።

የቺሌ ሊቃውንትም በባሕር ዳርቻ ተመሳሳይ ነገር ሠሩ። በ1978 መዊን በሚባል ቦታ፣ በ1982 መጨረሻ ደግሞ ላስ ክሩሴስ በሚባል ቦታ ዳርቻውን ከልለው ሰው እንዳይለቅምበት አደረጉ። የላስ ክሩሴሱን ሥራ ከመሩት ዋናው ሁዋን ካርሎስ ካስቲያ የሚባል የባሕር ሊቅ ነው። ከክልሉ ውስጥና ውጪ ያለውን ፍጥረት እየቆጠሩ አወዳደሩ።

ያገኙት ነገር ያስገርማል። በላስ ክሩሴስ ሰው በሚለቅምበት ዓለት ላይ ጥቁር ትናንሽ ዛጎል ለበሶች ምንጣፍ መስለው ተነጥፈው ነበር። በተከለለው ውስጥ ግን ሎኮ በዛ። ሎኮ ሥጋ በል ነው፤ የሚበላውም እነዚያን ዛጎል ለበሶች ነው። እየበላ ምንጣፉን ገለጠው። በባዶው ዓለት ላይ ሌላ ፍጥረት በቀለበት።

በመዊን ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሰለ። እዚያ ሰው የሚለቅመው ዛጎሉ እንደ ጎጆ ክዳን የሾጠጠ፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ሌላ ቀንድ አውጣ ነው። ይህኛው አረም ይግጣል። ሰው በሚለቅምበት ቦታ ጋጩ ስላነሰ የባሕሩ አረም ለምልሞ ታየ። በተከለለው ቦታ ግን ቀንድ አውጣው በዛ፣ ወፈረ፤ አረሙም ሳሳ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ እንግዳ ሰው ወደ መዊን ቢመጣ፣ አረም የሞላበትን ዓለት አይቶ «ይኼ ባሕር ደህና ነው» ይላል። የሳሳውን አይቶ «ይኼስ ተጎድቷል» ይላል። ሁለቱም ላይ ተሳሳተ ማለት ነው። አንዱን ብቻ የቆጠረ ሰው እንዲህ ይታለላል። ስለዚህ የባሕር ወለል ሲጠና እንስሳውም አረሙም አብረው ይቆጠራሉ።

ለማኅበር የተሰጠ ባሕር

በ1991 ቺሌ አዲስ የዓሣ ሀብት ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ በአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ያሉ ሰዎች ተደራጅተው በሕግ ከተመዘገቡ፣ ከዳርቻቸው ፊት ያለውን የባሕር ወለል ለብቻቸው እንዲጠቀሙበት መጠየቅ ይችላሉ። ኪንታይ የሚባለው መንደር በዚህ መንገድ ቀድመው ከሠሩት አንዱ ነው። ዛሬ እንዲህ ለማኅበር የተሰጡ ቦታዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ።

ነገር ግን ባሕሩ እንዲሁ አይሰጥም። ማኅበሩ መጀመሪያ «በዚህ ወለል ላይ ያለው ይህን ያህል ነው» ብሎ በጥናት ማሳየት አለበት። ከዚያም በየጊዜው እንደገና እየቆጠረ ማቅረብ አለበት። መንግሥትም ቁጥሩን አይቶ «ዘንድሮ ይህን ያህል አውጡ» ብሎ ይወስናል። ለቆጠራው ማኅበሩ ባለሙያ ይቀጥራል፤ ክፍያውም ከአባላቱ ኪስ ነው። ዋናተኞቹ አባላት ራሳቸውም አብረው ይጠልቃሉ።

አቆጣጠሩ እንዴት ነው?

ሁሉንም አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም። ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ቀዝቃዛም ነው። ስለዚህ ናሙና ይወሰዳል። ናሙና ማለት ከብዙው ጥቂቱን አውጥቶ ጥቂቱን በማየት ስለ ብዙው ማወቅ ነው። እናንተ ናሙናን ታውቁታላችሁ። የስታቲስቲክስ ሠራተኞች በመኸር ጊዜ መጥተው በማሳ መካከል በገመድ አራት ማዕዘን ለክተው፣ በዚያ ውስጥ ያለውን ብቻ አጭደው ሲመዝኑ አይታችሁ ይሆናል። የባሕሩም አሠራር ያው ነው።

ጠላቂው ጎኑ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ከብረት የተሠራ አራት ማዕዘን ይዞ ይወርዳል። ከጀልባው ላይ አንድ ሞተር አየር እየገፋ በረጅም የላስቲክ ቱቦ ይሰድለታል። እሱም ያንን እየሳበ ይተነፍሳል። በወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል። በገመዱ ላይ በየተወሰነው ርቀት ብረቱን ያሳርፍና በውስጡ ያለውን ሎኮ ሁሉ ይቆጥራል። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እጁን ከትቶ የተደበቀውንም ይፈልጋል። እንደ ጉጠት ባለ መለኪያ የያንዳንዱን ርዝመት ይለካል። ከዚያ በአንገቱ ባንጠለጠለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። አዎ፣ እርሳስ ውኃ ውስጥ ይጽፋል፤ የቀለም ብዕር ግን አያገለግልም። መጻፍ የማይችል ጠላቂ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ሠላሳ ቦታ የቆጠረውን ሁሉ በቃሉ ይዞ ሊወጣ አይችልምና።

ሥራው አደጋም አለው። በጥልቅ ውኃ ብዙ ቆይቶ በፍጥነት ወደ ላይ የሚወጣ ጠላቂ፣ በደሙ ውስጥ አየር አረፋ ይሠራበታል። ሽባ ሆነው የቀሩ፣ የሞቱም አሉ። ስለዚህ ቀስ ብሎ መውጣት ግድ ነው።

ውኃው ሸሽቶ ዓለቱ በሚገለጥበት ቦታ ግን መጥለቅ አያስፈልግም። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ያህልም ይጎድላል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ጉድለቱ ይበረታል። ቆጣሪዎቹ ያንን ቀን ጠብቀው፣ ውኃው እስኪመለስ ባሉት ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ በእግራቸው ገብተው ይቆጥራሉ። ከዓለት ላይ የሚለቀመው የባሕር ጉድለቱ ሲበረታ ነው፤ ለዚህ ሥራ ጨረቃን የማያይ የለም።

አሁን ዋናውን ስሕተት ልንገራችሁ። እህል ስትገዙ ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግናችሁ ታምናላችሁ? ተንኮለኛ ነጋዴ ጥሩውን ከላይ፣ ግርዱን ከታች ያደርጋል። ባሕር ተንኮል የለውም፤ ቆጣሪው ግን ራሱን ሊያታልል ይችላል። ሎኮ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ሌላው ቦታ ባዶ ይሆናል። በተለይ እንቁላሉን ዓለት ላይ በሚጥልበት ጊዜ ይከማቻል። ጠላቂው ሎኮ የበዛበትን እየመረጠ ብረቱን ቢያሳርፍ ቁጥሩ ይዋሻል። ስለዚህ ቦታው ከመውረዱ በፊት በዕጣ ወይም በእኩል ርቀት ይወሰናል። ብረቱ ባዶ ዓለት ላይ ካረፈም ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ዜሮ መጻፍ የሚያሳፍረው ቆጣሪ አይረባም።

ስሌቱ

እንበልና 30 ቦታ ላይ ብረቱ አረፈ። በሁሉም ውስጥ የተገኘው ሎኮ ሲደመር 60 ሆነ። 60 ለ30 ሲካፈል 2 ነው። በአንድ ካሬ ሜትር በአማካይ 2 ሎኮ አለ ማለት ነው።

የማኅበሩ ዓለታማ ወለል 4 ሄክታር ይሁን፤ በእኛ ግምት 16 ጥማድ ያህል። 4 ሄክታር 40 ሺህ ካሬ ሜትር ነው። 2 በ40 ሺህ ሲባዛ 80 ሺህ ይሆናል። አሸዋ የሆነው ወለል ግን ከሒሳቡ ይወጣል፤ ሎኮ የዓለት እንጂ የአሸዋ ከብት አይደለም።

«80 ሺህ ካለንማ ሀብታም ነን!» ለማለት አትቸኩሉ። ከተለኩት 60 ውስጥ 10 ሳንቲሜትር የሞሉት 15 ብቻ ቢሆኑስ? ሩብ ማለት ነው። ስለዚህ ከ80 ሺህ ለመያዝ የደረሱት 20 ሺህ ናቸው። እነዚህን ሁሉ አንድ ጊዜ ቢያወጧቸው እንቁላል የሚጥለው ያልቃል። ስለዚህ ከነሱም የተወሰነው ብቻ ይወጣል። አምስት እጅ ተደርጎ አንዱ እጅ ይውጣ ቢባል 4 ሺህ ነው። ከ80 ሺህ ተነሥተን 4 ሺህ ላይ ደረስን። በስብሰባ ላይ ይህ ሲነገር የሚያጉረመርም አባል መኖሩ አይቀርም።

አንድ ጥቅም ግን ወዲያው ይገኛል። ባሕሩ የማኅበሩ ስለሆነ መሽቀዳደም የለም። ሎኮው እዚያው ዓለቱ ላይ ሆኖ ከነጋዴው ጋር ዋጋ መነጋገር ይቻላል። ዋጋው ካልተስማማ ይቆያል፤ እህል በጎተራ እንደሚቆይ።

አረሙስ?

«አረም» ስንል ከማሳችሁ የምትነቅሉትን እንዳትመስላችሁ። የባሕር አረም ለነሱ ምርት ነው። ኮቻዩዮ የሚባለው ደርቆ በእስር እየታሰረ ለምግብ ይሸጣል። ዊሮ የሚባለው ደግሞ ደርቆ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ከሱ የሚወጣው ነገር አይስክሬምንና ቀለምን ለማወፈር ያገለግላል።

ትናንሽና ምንጣፍ መሰል አረም አንድ በአንድ አይቆጠርም። ሣርን ማን ይቆጥራል? ለዚህ ሌላ ዘዴ አለ። በብረቱ ላይ ወዲህ 10፣ ወዲያ 10 ክር ይወጠራል። ክሮቹ 100 ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ቆጣሪው እያንዳንዱ መገናኛ ከሥሩ ምን እንዳለ ያያል። 40ው አረም ላይ፣ 35ቱ ዛጎል ለበስ ላይ፣ 25ቱ ባዶ ዓለት ላይ ቢያርፉ፣ ከመቶ 40 እጅ አረም ለብሷል ይባላል።

ትልቁ ዊሮ ግን እንደ ዛፍ ይቆጠራል። ከዓለቱ ጋር የሚያጣብቀው ሥር መሳይ መያዣ አለው። ሥር አይደለም፤ ምግብ አይስብም፤ ሥራው መያዝ ብቻ ነው። የዚህ መያዣ ስፋት ይለካል። ለቀሚዎች የሚነገራቸው፣ መያዣው ከ20 ሳንቲሜትር የሚበልጠውን ለይተው እንዲያነሡ፣ ታናሹን ግን እንዲተዉ ነው።

ቁጥሩ ሲጎድል

እንግዲህ ማኅበሩ ቆጠረ፤ በልኩ አወጣ፤ በዓመቱ እንደገና ሲቆጥር ግን ከጠበቀው ያነሰ አገኘ። ምን በላው?

መልሱን ለመፈለግ ድምሩን ትተው ርዝመቱ ወደተጻፈበት ሰሌዳ ይመለሳሉ። የጎደሉት ትልልቆቹ ብቻ ከሆኑ ሰው ይጠረጠራል። በብዙ ማኅበሮች የሌሊት ዘብ በተራ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከጎረቤት መንደር ጋር ጠብ የተነሣበትም ጊዜ አለ፤ ማኅበር የሌለው ጠላቂ የሚሠራበት ነፃ ቦታ እየጠበበ ሄዷልና።

የጎደሉት ጨቅላዎቹ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሎኮ ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ በዐይን የማትታይ ደቃቅ ናት። ዓለት ላይ ከማረፏ በፊት ሦስት ወር ያህል ማዕበል ይዟት ይንሳፈፋል። ያንተ ሎኮ የጣለው ሌላ መንደር ያርፋል፤ ካንተ ዓለት ላይ የምታድገው ከሩቅ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አንድ ማኅበር የራሱን ብቻ ጠብቆ ጎረቤቱ ቢያራቁት፣ ጉዳቱ ለሱም ይተርፋል።

የዊሮ ዘር እንዲህ አይደለም፤ ከእናቱ ብዙ አይርቅም። ይህ የታወቀው በከባድ ጥፋት ነው። በ1982 እና በ1983 ኤልኒኖ መጣ። ኤልኒኖን በሬዲዮ ሰምታችኋል፤ ያ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚነሣ ነው። በ2015 በተነሣ ጊዜ በእኛም አገር ክረምቱን አዛብቶ ብርቱ ድርቅ አስከትሏል። ያን ጊዜ በሰሜን ቺሌ ባሕሩ ሞቀና በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዳርቻ ላይ ዊሮው ረገፈ። ዘር የሚጥል እናት በአቅራቢያው ስላልቀረ ደኑ የተመለሰው በዝግታ ነው። በአንዳንድ ቦታ ከሃያ ዓመት በኋላም ገና ሙሉ አልነበረም። እዚያ ጥፋተኛው ለቃሚው አልነበረም። ከዓመት ዓመት የተቆጠረ ቁጥር ባይኖር ግን ጣት መቀሳሰሩ አይቀርም ነበር።

ሁሉም ማኅበር አልተሳካለትም። የሎኮ ዋጋ ከቀድሞው ሲወርድ የቆጠራውና የጥበቃው ወጪ ከትርፉ በልጦ ሥራቸውን የተዉ ብዙ ናቸው። የቀጠሉት ግን አሁንም በየዓመቱ ብረታቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ጠላቂው ሲወጣ ሰሌዳውን ለጀልባው ጸሐፊ ያቀብላል። ጸሐፊው ቁጥሩን ወደ ደብተር ይገለብጣል፤ ሰሌዳው በአሸዋ ታሽቶ ይጠራና ለሚቀጥለው ጠላቂ ይሰጣል።